ኬርነሉ ሜሞሪ ከየት ያመጣል?

ፕሮግራም ሜሞሪ ሲያጥረው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ኬርነሉን፣ ይጠይቃል። ኬርነሉ ራሱ ሲያጥረውስ? የሚጠይቀው የለም። ከእሱ በታች ያለው ባዶ ሃርድዌር ነው። በእጁ ካለው እየቆረሰ ለሌላውም ለራሱም ማካፈል አለበት። ሲያካፍል ደግሞ ከሦስት አንዱን ይከፍላል፤ ወይ ቦታ ያባክናል፣ ወይ ጊዜ ያጠፋል፣ ወይ «የለኝም» ብሎ ጠያቂውን ባዶ እጁን ይመልሳል። የኦፐሬቲንግ ሲስተም ጸሐፊዎች ስድሳ ዓመት ሲከራከሩ የኖሩት ዕዳው ከሦስቱ በየትኛው ላይ ይውደቅ በሚል ነው። ክርክሩ አላለቀም፤ በየዘመኑ ውድ የሆነው ነገር ሲለዋወጥ ግን መልሱም አብሮ ተለዋውጧል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዲሴምበር 7 ቀን 1962 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አትላስ የተባለ ኮምፒውተር ተመረቀ። በቶም ኪልበርን የሚመራው ቡድን የሠራው ይህ ማሽን 16 ሺህ ያህል ቃላት የሚይዝ ፈጣን ሜሞሪና 96 ሺህ ያህል የሚይዝ የሚሽከረከር መግነጢሳዊ ከበሮ ነበረው። አንዱ ቃል 48 ቢት ነው። ፈጣኑ ውድና ጥቂት፣ ከበሮው ርካሽና ዘገምተኛ ነበሩ። እስከዚያ ድረስ የትኛው መረጃ መቼ ከከበሮው ወደ ፈጣኑ እንደሚመጣ የሚያስበው ፕሮግራመሩ ነበር። የማንቸስተር ሰዎች ሁለቱንም በ512 ቃላት እኩል እኩል ከፋፍለው ቁራጩን ገጽ አሉት፤ ማመላለሱንም ለማሽኑ ተዉለት። ፕሮግራሙ የሚያየው አንድ ሰፊ መጋዘን ብቻ ሆነ።

ገጾች ሁሉ እኩል ስለሆኑ የትኛውም ገጽ የትኛውም ክፍት ቦታ ላይ ይገጥማል፤ ስለ ልክ መጨነቅ ቀረ። ብክነቱ ግን አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። 513 ቃላት የፈለገ ሁለት ገጽ ይይዛል፤ 511 ቃላት ያለ ሥራ ይቀመጣሉ። ሜሞሪ በእጅ በሚለካበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ለኬርነል የሚያስፈልገው ግን ገጽ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ 40 ባይት ይበቃዋል፣ አንዳንዴ 3 ሺህ። በኦክቶበር 1965 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ኬኔዝ ኖልተን ለዚህ የሚሆን አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ በጣም ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ቁራጭ አለህ፤ ልኩ የሁለት እርከን ነው (ሁለት በራሱ እየተባዛ የሚገኝ ቁጥር)፣ ለምሳሌ 1024። መቶ ቢጠየቅ ለሁለት ትከፍለዋለህ፤ 512 ይሆናል። አሁንም ትልቅ ነው፤ ደግመህ ትከፍላለህ፤ 256፤ እንደገና 128። እሱን ትሰጣለህ። በየደረጃው የቀረው ግማሽ የተሰጠው ቁራጭ መንታ ነው። ቁራጩ ሲመለስ መንታው ነጻ ከሆነ ሁለቱ ተጋጥመው 256 ይሆናሉ፤ የዚያም መንታ ነጻ ከሆነ 512፤ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ውበቱ መንታን ለማግኘት ምንም ፍለጋ አለማስፈለጉ ነው፤ በአድራሻው ውስጥ አንዲት ቢት መገልበጥ ይበቃል።

ኖልተን በኋላ በኮምፒውተር ሥዕልና ፊልም ነው የታወቀው፤ የሜሞሪ ሥራው በብዙዎች ዘንድ የሚታወሰው በግርጌ ማስታወሻ ነው። ሌላው የሚገርመኝ ነገር ደግሞ ዶናልድ ክኑዝ በ1968 በወጣው መጽሐፉ ይህንኑ ዘዴ ከኖልተን ቀድሞ በ1963 ሲምስክሪፕት በተባለ ቋንቋ ውስጥ የተጠቀመበት ሃሪ ማርኮዊትዝ ነው ማለቱ ነው። ማርኮዊትዝ ማለት ገንዘብን በተለያዩ ኢንቨስትመንቶች ላይ እንዴት መደልደል እንደሚገባ በማሳየቱ በ1990 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የወሰደው ሰው ነው። የውስን ሀብት ድልደላ በሁለቱም ሙያ ያው ነው መሰለኝ።

የመንታው ዘዴ ጉዳቱም ግልጽ ነው፤ 65 የጠየቀ 128 ይወስዳል። በ1969 ብሪታኒያዊው ብራያን ራንደል ሁለቱን የብክነት ዓይነቶች ለይቶ ጻፈ። አንዱ በተሰጠው ቁራጭ ውስጥ ያለ ትርፍ ነው፣ ውስጣዊ። ሌላው በቁራጮች መካከል ተበታትኖ ለማንም የማይበቃ ክፍተት ነው፣ ውጫዊ። በሙከራው ያየው ነገር ለመንታ ወዳጆች ደስ የሚል አልነበረም፤ ጥያቄዎችን ወደ ላይ እያጠጋጉ መስጠት በውጫዊው ከሚያተርፈው ይልቅ በውስጣዊው የሚያከስረው በለጠ። ይህ ማስጠንቀቂያ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ እንደገና ይመጣል።

ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ብቅ ያለው ኖልተን በሠራበት በቤል ላቦራቶሪ ነው። በ1975 የወጣው ስድስተኛው እትም ሜሞሪን በሁለት መንገድ ይይዝ ነበር። የፕሮግራም ሙሉ አካል የሚቀመጥበትን ሰፊ ቦታ የሚሰጠው ማሎክ የተባለ ጥቂት መስመር ያለው ተግባር ነው። ክፍት ቦታዎችን በአድራሻ ቅደም ተከተል በያዘ ዝርዝር ላይ ከመጀመሪያው ተነሥቶ ይሄዳል፤ የሚበቃ ቦታ እንዳገኘ ቆርጦ ይሰጣል። መለኪያው 64 ባይት ነበር። የሲድኒው መምህር ጆን ላየንስ በ1976 ለተማሪዎቹ ባዘጋጀው ዝነኛ ማብራሪያ ላይ ይህ ኮድ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነው። እስከ ዛሬ ቢነበብ የሚያሳፍር አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ምንም አለማከፋፈል ነው። የስድስተኛው እትም ኬርነል የሚፈልጋቸው ሰንጠረዦች ሁሉ ልካቸው ኮዱ ሲጻፍ ተወስኗል፦ 50 ፕሮሰስ፣ 100 የተከፈተ ፋይል፣ 100 አይኖድ (የአንድ ፋይል መግለጫ)፣ 15 የዲስክ መያዣ። ሃምሳ አንደኛው ፕሮሰስ አይፈጠርም፤ ጠያቂው ስሕተት ይመለስለታል። ቁጥሩ ካነሰህ ፋይሉን ከፍተህ ትቀይራለህ፣ ኬርነሉን እንደገና ትሠራለህ፣ ማሽኑን ታስነሣለህ። ይህንን ኋላ ቀርነት አድርገው የሚያዩ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። አስቀድሞ የተቀመጠ ሰንጠረዥ ጊዜ አይፈጅም፣ አይሸራረፍም፣ ሲሞላም የት እንደሚሞላ ይታወቃል። ዛሬም አውሮፕላን ውስጥ የሚገቡ ሲስተሞች ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ሜሞሪ ማከፋፈልን የሚከለክሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ጉዳቱ ሰንጠረዡ ባዶ ሲሆንም ቦታውን መያዙ ነው።

ያንን ምቾት ያፈረሰው ኔትወርክ ነው። በ1983 በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የወጣው 4.2 ቢኤስዲ የኢንተርኔት ፕሮቶኮሎችን ወደ ዩኒክስ አስገባ። ፓኬት መቼ እንደሚመጣና ስንት እንደሚሆን ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ 128 ባይት የሚሰፉ ኤምበፍ የተባሉ ቁራጮች የራሳቸው አከፋፋይ ተሠራላቸው። ሌላው የኬርነል ክፍልም የራሱን ሠራ፣ ሌላውም ደገመ። አንዱ ጋ የተትረፈረፈውን ሜሞሪ ሌላው ሊጠቀምበት አይችልም ነበር።

በ1988 ማርሻል ከርክ መኪዩሲክና ማይክል ካረልስ እነዚህን ሁሉ በአንድ አከፋፋይ የሚተካ ሥራ በዩኒክስ ፕሮግራመሮች ጉባኤ ላይ አቀረቡ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ የስታክ ጉዳይ ነው። ተራ ፕሮግራም ጊዜያዊ ነገሩን ስታክ ላይ ይዘረግፋል፤ ስታኩ ሲጠብ ሲስተሙ ያሰፋለታል። የኬርነል ስታክ ግን ትንሽና የተወሰነ ነው፤ የሚያሰፋው የለም። የፋይል መንገድ ለመተርጎም ብቻ አንድ ኪሎባይት መያዣ ያስፈልጋል፤ እሱን ስታክ ላይ ማስቀመጥ ድፍረት ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚሰጥና ቶሎ የሚቀበል አከፋፋይ ካልተገኘ ፕሮግራመሩ ወይ ስታኩን ያፈነዳል፣ ወይ የግሉን አከፋፋይ ይሠራል።

የእነሱ መልስ ትንንሹን ወደ ሁለት እርከን ማጠጋጋት፣ ትልልቁን ደግሞ በሙሉ ገጽ መስጠት ነው። አንድ ገጽ የሚሸከመው አንድ ዓይነት ልክ ብቻ ነው፤ ልኩም በገጹ ሳይሆን በተለየ ሰንጠረዥ ላይ ይመዘገባል። ይህች ዝርዝር ነገር ቀላል አትምሰላችሁ። የተለመዱት አከፋፋዮች ልኩን የሚጽፉት ከቁራጩ ፊት በምትቀመጥ ትንሽ ምልክት ላይ ነበር። ኬርነል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው በልኩ ሁለት እርከን የሆነ ቁራጭ ነው። በ1024 ባይት ላይ ጥቂት ባይት ምልክት ሲጨመርበት ጥያቄው ወደ 2048 ይዘላል፤ ግማሹ ይባክናል። ምልክቷን ወደ ውጭ ማውጣት ይህን ብክነት አስቀረ። ልኩ ኮዱ ሲተረጎም ከታወቀም አብዛኛው ስሌት ያኔውኑ ያልቃል፤ ማሽኑ ሲሠራ የሚቀረው ከዝርዝር አናት ላይ አንድ ቁራጭ ማንሣት ብቻ ነው። ቦታ በመጠኑ ባከነ፤ ጊዜ ተገኘ። ሜሞሪ እየረከሰ በነበረበት ዘመን ትክክለኛ ምርጫ ነበር።

በሴፕቴምበር 1991 የሄልሲንኪው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን የመጀመሪያ ኮድ ሲያወጣ ግን ከዚህ ሁሉ ጥበብ የተጠቀመው ጥቂቱን ነው። ገጽ የሚሰጥ አንድ ተግባር፣ ለእያንዳንዱ ገጽ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት የሚቆጥር አንድ ባይት፣ ከዚያ ደግሞ ሰንጠረዦች፦ 64 ፕሮሰስ፣ 64 የተከፈተ ፋይል፣ 32 አይኖድ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የነበረው ዩኒክስ ለፋይልና ለአይኖድ ከዚህ የሰፋ ሰንጠረዥ ነበረው። አንድ ሰው በቤቱ ኮምፒውተር ለሚጠቀምበት ሲስተም ግን ይበቃል።

በዚያን ጊዜ ትልልቆቹን የሚያሳስባቸው ሌላ ነገር ነበር። በኦሪገን የነበረው ሴኩየንት ኩባንያ ብዙ ፕሮሰሰር ያላቸው ማሽኖች ይሸጥ ነበር። አከፋፋዩ አንድ፣ መቆለፊያው አንድ ሲሆን ፕሮሰሰሮቹ ተሰልፈው ይጠባበቃሉ፤ ሜሞሪ ለመውሰድ ከሚፈጀው ጊዜ ይልቅ ተራ ለመጠበቅ የሚፈጀው በለጠ። በ1993 የኩባንያው ሰዎች ፖል መኬኒና ጃክ ስሊንግዋይን እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ትንሽ ክምችት እንዲኖረው አደረጉ። ከራሱ ክምችት ሲወስድ መቆለፊያ አያስፈልገውም፤ ወደ ጋራው ግምጃ የሚሄደው የራሱ ሲያልቅበት ወይም ሲሞላበት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቦታ እንደገና ለጊዜ ተሸጠ፤ በየክምችቱ ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቅ ሜሞሪ ማለት ሌላው የማይጠቀምበት ሜሞሪ ነውና።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1994፣ የሰን ማይክሮሲስተምስ ባልደረባ የነበረው ጄፍ ቦንዊክ ስላብ የተባለውን አከፋፋይ ለኩባንያው ዩኒክስ ለሶላሪስ 2.4 ሠርቶ ቦስተን ላይ አቀረበ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ጽሑፍ ብቻ አንብብ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ቦንዊክ ያስተዋለው የመጀመሪያው ነገር የሚከተለው ነው። ኬርነል ባዶ ባይት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ዕቃ ነው። አይኖድ፣ ፕሮሰስ፣ የኔትወርክ መያዣ። ዕቃው ደግሞ ሲወሰድ መዘጋጀት አለበት፤ መቆለፊያዎቹ ይስተካከላሉ፣ ዝርዝሮቹ ባዶ ይደረጋሉ። ሲመለስም ይፈርሳል። ብዙ ጊዜ ይህ መገንባትና ማፍረስ ሜሞሪውን ከማግኘት ይልቅ ውድ ነው። ለምን ይፈርሳል? ተጠቃሚው ዕቃውን እንደተረከበው አድርጎ ቢመልሰው ለሚቀጥለው ጠያቂ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። ቡና የምታፈላ እናት ከአቦል ወደ ቶና ስትሻገር ስኒዎቹን ቁም ሳጥን ውስጥ አትመልስም፤ አለቅልቃ ረከቦቱ ላይ ትደረድራቸዋለች። ስላብ ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት እንዲህ ያለ ረከቦት ሰጠው።

ሁለተኛው ያስተዋለው ነገር የበለጠ ረቂቅ ነበር፤ የሁለት እርከኑን ዘዴ ማንም ባላሰበው በኩል መታው። አንድ አይኖድ 300 ባይት ያህል ነው እንበል። በእርከኑ ሕግ 512 ይሰጠዋል፤ አድራሻውም የ512 ብዜት ይሆናል። ከዚህ ዕቃ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚነበበው የመጀመሪያው 48 ባይት ብቻ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ የሚጎበኛቸው አድራሻዎች ሁሉ በየ512ቱ መጀመሪያ ላይ ይታጨቃሉ። የፕሮሰሰሩ ካሽ (ቅርቡ ያለችው ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) መረጃን የሚያስቀምጠው በአድራሻ ስለሆነ እነዚህ ሁሉ አንዱ በሌላው ላይ እየወደቁ ይገፋፋሉ፤ በእነዚህ ዕቃዎች ረገድ ከካሹ ጥቅም ላይ የሚውለው 48 ለ512፣ ማለትም 9 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ባዶ ይቀመጣል። ስፓርክሴንተር 2000 በተባለው የሰን ማሽን ላይ ደግሞ ጉዳቱ ተባባሰ። ማሽኑ መረጃን በየ256 ባይቱ ባስ ለሚባሉ ሁለት የመረጃ መስመሮች ያከፋፍል ነበር። ዕቃዎቹ ሁሉ በ512 ብዜት ሲጀምሩ ግን የሚነበበው ግማሻቸው ሁልጊዜ በአንዱ መስመር ላይ ይወድቃል፤ አንዱ መስመር ሲጨናነቅ ሌላው ሥራ ይፈታል።

የቦንዊክ መፍትሔ ዕቃዎቹን በእውነተኛ ልካቸው እየደረደሩ ከጥቂት ገጾች በተሠራ ጠፍጣፋ ስላብ ላይ ማስፈር፣ ከመጨረሻው የሚተርፈውን ቦታ ደግሞ ስላቡን በየተራው በጥቂት ባይት እየገፉ ለማስጀመር መጠቀም ነው። አንደኛው ስላብ ከዜሮ፣ ሁለተኛው ከ8፣ ሦስተኛው ከ16 ይጀምራል። የሚባክነው ቦታ ካሹን ለማዳረስ ዋለ። ከዚያ ወዲህ አከፋፋይን የሚመዝን ሰው መጠየቅ ያለበት ቁራጩ በስንት ማይክሮሰኮንድ እንደተገኘ ብቻ አይደለም፤ የተገኘው ቁራጭ የት እንደተቀመጠና ተጠቃሚው በኋላ የሚከፍለው ምን እንደሆነም ጭምር ነው። ከዚህ ጽሑፍ በፊት ይህንን ያን ያህል አብራርቶ ያሳየ ሰው አላውቅም።

ሊኑክስ ስላብን የወረሰው በማርክ ሄመንት አማካይነት ነው፤ በጃንዋሪ 1999 በወጣው እትም 2.2 ውስጥ ተካቷል። ከሥሩ ገጾችን የሚያድለው የኖልተን የመንታ ዘዴ ነው፣ ከላዩ ዕቃ የሚያድለው የቦንዊክ ስላብ። በ2001 ቦንዊክና ጆናታን አዳምስ የሴኩየንትን ሐሳብ ከስላብ ጋር አዋሕደው ማጋዚን የሚሉትን አቀረቡ፤ ስሙን የወሰዱት ከጠመንጃ የጥይት ካዝና ነው። በየፕሮሰሰሩ የተሞላ ካዝና አለ፣ ሲያልቅ በሌላ ይቀየራል። ሊኑክስም በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰ።

ስለ ሊኑክስ ሲወራ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም፤ ጠያቂው ሜሞሪ ሲጠይቅ ምን ያህል መታገሥ እንደሚችል አብሮ መናገር አለበት። ተራው ጥያቄ «መተኛት እችላለሁ» ይላል፤ ክፍት ቦታ ከሌለ ኬርነሉ ጠያቂውን አስተኝቶ ከሌላው ገጽ ያስለቅቃል፣ ያልተጻፈውን ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ይሰጠዋል። ፓኬት ሲገባ ፕሮሰሰሩን አቋርጦ የሚሠራው ኮድ ወይም የሚሽከረከር ቁልፍ (ስፒንሎክ) የያዘ ኮድ ግን መተኛት አይችልም፤ ከተኛ ማሽኑ አብሮት ይተኛል። ለእሱ የተቀመጠች ጥቂት መጠባበቂያ አለች፤ እሷ ካለቀች ወዲያው «የለም» ይባላል፣ ፓኬቱም ይጣላል። ጀማሪ የኬርነል ፕሮግራመር በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መተኛት በማይችልበት ቦታ የሚተኛውን ጥያቄ ያቀርባል፤ ሜሞሪ ሞልቶ ባለበት የሙከራ ማሽን ላይ ምንም አይታይበትም፣ ችግሩ የሚወጣው ደንበኛው ዘንድ ነው።

በ2007 የስላብ ውለታ ተረሳ። ኤስጂአይ በተባለው የትልልቅ ማሽኖች ኩባንያ ይሠራ የነበረው ክሪስቶፍ ላሜተር ያየው ችግር በቤት ኮምፒውተር ላይ የማይታይ ነው። በስላብ ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮሰሰርና እያንዳንዱ የሜሞሪ ክፍል ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት የራሱ ወረፋ ነበረው። አንድ ሺህ ክፍል ባለው ማሽን ላይ ወረፋዎቹ ሲባዙ ዕቃዎቹን ትተን የዕቃዎቹን አድራሻ ለመያዝ ብቻ በርካታ ጊጋባይት ይጠፋ ነበር። ላሜተር ስለብ የተባለ አዲስ አከፋፋይ ጻፈ። ወረፋዎቹን ጣላቸው፤ የነጻ ዕቃዎችን ዝርዝር በነጻዎቹ ዕቃዎች በራሳቸው ውስጥ አስቀመጠ፤ ተቀራራቢ ልክ ያላቸውን ዓይነቶች አጣመረ። በዚያው ዓመት በእትም 2.6.22 ገባ፣ በ2.6.23 ዋናው ሆነ። ትንንሽ ማሽኖች ስሎብ የተባለ ሦስተኛ አከፋፋይ ነበራቸው፤ የማት ማካል ሥራ ነው፣ ቀርፋፋ ሆኖ ቦታ ግን የሚቆጥብ። በዚህ ምክንያት ሊኑክስ ለብዙ ዓመታት ሦስት አከፋፋዮች ይዞ ኖረ። ስለብ በአንዳንድ የዳታቤዝ መለኪያዎች ከስላብ ስላነሰ አሮጌውን የሙጥኝ ያሉ ትልልቅ ተጠቃሚዎች ነበሩ። ጸብ አላደርገውም፤ ሁለቱም ወገን በማሽኑ ላይ የለካውን ነው የተናገረው።

ከሥር ያለው የመንታ ዘዴም ዕድሜው ሲገፋ ሕመሙ ወጣ። ለሳምንታት የሠራ ማሽን ብዙ ነጻ ገጽ ይኖረዋል፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ አራት ገጾች ግን ላያገኝ ይችላል። ሜል ጎርማን ሊነሡ የሚችሉትን ገጾች ከማይነሡት ለይቶ ማስቀመጥን በ2008 መጀመሪያ በወጣው እትም 2.6.24 አስገባ፤ በ2010 ደግሞ ገጾችን እያንቀሳቀሱ ክፍተት መሰብሰብን ጨመረ።

በ2014 ሁለት ነገሮች ተከታትለው ፈነዱ። መጀመሪያ ስታኩ። በተለመዱት የ64 ቢት ማሽኖች የኬርነል ስታክ 8 ኪሎባይት ነበር። አንድ ፕሮሰስ ሜሞሪ ሲጠይቅ ክፍት ስላልተገኘ ገጽ ወደ ማስለቀቅ ተሄደ፤ ገጽ ለማስለቀቅ የዲስኩ ክፍል ተጠራ፣ እሱም ሜሞሪ ጠየቀ። ጥሪው ሲደራረብ ስታኩ ሞላ። ቶርቫልድስ ሳይወድ በእትም 3.15 ላይ ወደ 16 ኪሎባይት አሳደገው፤ ለእያንዳንዱ ክር (ትሬድ) 8 ኪሎባይት ተጨማሪ ዋጋ ማለት ነው። ሜሞሪ መጠየቅ ራሱ ሜሞሪ እንደሚበላ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

በዲሴምበር የመጣው ደግሞ የባሰ ነበር። ጃፓናዊው ፕሮግራመር ቴትሱኦ ሃንዳ ሜሞሪ ሲያልቅ ኤክስኤፍኤስ በተባለው ፋይል ሲስተም ላይ ማሽኑ ለምን ደርቆ እንደሚቀር ሲያነሣ የሊኑክስ ጸሐፊዎች ራሳቸው በቅጡ ያላስተዋሉት ሕግ ወጣ። መተኛት የሚችል ጥያቄ ስምንት ገጽ፣ ማለትም 32 ኪሎባይት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ «የለም» አይባልም ነበር፤ አከፋፋዩ እስኪያገኝ ድረስ ይሞክራል። ባያገኝስ? አንዱን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል፣ ሜሞሪው እስኪለቀቅ ይጠብቃል። የተመረጠው ፕሮሰስ ለመሞት አንድ ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ ቁልፉን የያዘው ደግሞ ሜሞሪ የሚጠብቀው ጠያቂ ራሱ ነው። ሁለቱ እንደተያያዙ ይቀራሉ።

«የለም» ይባል ብሎ መወሰን ቀላል ይመስላል። አልነበረም። ፕሮግራመሮች ለሃያ ዓመታት እያንዳንዱ ጥያቄ ሊከለከል ይችላል ተብለው ስለተማሩ በየቦታው የክልከላ ማስተናገጃ ኮድ ጽፈዋል፤ ያ ኮድ ግን ክልከላው ስለማይመጣ በተግባር ሠርቶ አያውቅም። አሁን በድንገት ቢሠራ ስንቱ ይሰበራል? በቀጣዩ ዓመት በገንቢዎች ጉባኤ ላይ ተወያዩበት፤ ሕጉ በአንድ ጊዜ አልተሻረም። መታገሥ ለሚችልና ለማይችል፣ ሊከለከል ለሚችልና ለማይችል ጠያቂ የተለያዩ ምልክቶች ጥቂት በጥቂት ተለዩ።

በኤፕሪል 2021 ራስት የተባለው ቋንቋ ወደ ኬርነሉ እንዲገባ ሐሳብ ሲቀርብ ቶርቫልድስ መጀመሪያ የያዘው ይህንኑ ነጥብ ነው። የራስት መደበኛ ቤተ መጻሕፍት ሜሞሪ ሲያጣ ፕሮግራሙን ያቋርጣል። ኬርነል ከተቋረጠ ግን ማሽኑ ተቋረጠ። የራስት ሰዎች እያንዳንዱ ጥያቄ ስሕተት ሊመልስ የሚችል የራሳቸውን ክፍል ጻፉ፤ ቋንቋው በ2022 መጨረሻ በእትም 6.1 ገባ።

ከዚያ መደርደሪያው ተጠረገ። በ2023 በእትም 6.4 ስሎብ ወጣ። በማርች 2024 በእትም 6.8 ስላብ ከአንድ ሩብ ምዕተ ዓመት አገልግሎት በኋላ ተሰረዘ። ሥራውን የመራው ቭላስቲሚል ባብካ ነው። ሦስት አከፋፋይ መጠበቅ ማለት እያንዳንዱን ማሻሻያ ሦስት ጊዜ መጻፍ ስለነበር እኔ እንኳን ጨረሱት ባይ ነኝ። የሚያስቀው ግን በ2025 መጨረሻ በእትም 6.18 ስለብ ሺቭስ የተባለ አዲስ ክፍል ማግኘቱ ነው፤ በየፕሮሰሰሩ የተሞላ የዕቃ ክምችት፣ ሲያልቅ በሌላ የሚቀየር። ላሜተር በ2007 የጣለው ወረፋ፣ ልኩ ተስተካክሎ፣ በቦንዊክና በአዳምስ መልክ ተመለሰ።

ሊኑክስ ያለው አንባቢ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ስላብቶፕ የተባለውን ትእዛዝ ይስጥ። ኬርነሉ ዕቃዎቹን በየዓይነታቸው፣ ስንቱ በሥራ ላይ እንዳለና ስንቱ ያለ ሥራ እንደተቀመጠ እየቆጠረ ያሳየዋል፤ ከላይኛዎቹ መስመሮች መካከል አይኖዶችን አያጣም።